የሃርድዌር ደኅንነት ኮርስ ያለ ሃርድዌር፦ ለትምህርት ክፍላችን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጽሕፈት ቤት
ለድኅረ ምረቃ ሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የሃርድዌር ደኅንነት ኮርስ ቤተ ሙከራ መዘጋትንና የምርምር ፕሮጀክቶች መታገድን ይመለከታል

የተከበሩ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የሃርድዌር ደኅንነት ኮርስን በዚህ ሴሚስተር በመከታተል ላይ ያለንና ባለፈው ዓመት የወሰድን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነን። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት በተለጠፈ አንድ ገጽ ማስታወቂያ የኮርሱ ቤተ ሙከራ መዘጋቱን፣ የቤት ሥራዎች በሙሉ በሲሙሌሽን (መሣሪያውን በኮምፒውተር ፕሮግራም በማስመሰል) ብቻ እንዲሠሩ መወሰኑን፣ የማጠቃለያ ፕሮጀክቱም በእውነተኛ መሣሪያ ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ሙከራ የማይጨምር የጽሑፍ ዳሰሳ እንዲሆን መታዘዙን አወቅን። ማስታወቂያው ምክንያት አልጠቀሰም። በቃል ስንጠይቅ ከተለያዩ ሰዎች ሦስት የተለያዩ መልሶች አገኘን፤ አንዱ የመሣሪያ እጥረት ነው አለን፣ ሌላው የተቃጠሉ ቦርዶች ወጪ ነው አለን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር እንዳይመጣ ተፈርቶ ነው አለን። ሦስቱም የሚናቁ ምክንያቶች አይደሉም፤ ከዚህ በታች ሦስቱንም እናነሳለን። ነገር ግን ጉዳዩን ሁለት ጊዜ በአካል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አቅርበን መልስ ስላላገኘን በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በዚህ ደብዳቤ የኮርሱን መምህር አንከስም። ውሳኔው ከእሳቸው እንዳልመጣ እናውቃለን፤ ቤተ ሙከራው ክፍት በነበረበት ጊዜ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቁልፍ ይዘው ይጠብቁን የነበሩት እሳቸው ነበሩና።

ዋናው ቅሬታችን የቤት ሥራዎቹን የሚመለከት ነው። ይህ ኮርስ ከሌሎች የደኅንነት ኮርሶች ተለይቶ እንዲሰጥ ያደረገው ሐሳብ፣ በወረቀት ላይ የማይሰበር ምስጠራ በቁስ ላይ ሲሠራ ሌላ ጠባይ ያሳያል የሚለው ነው። የምስጠራ ተመራማሪው ፖል ኮከር እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ መሣሪያ ስሌቱን ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ምስጢራዊ ቁልፍን ሊያጋልጥ እንደሚችል አሳየ፤ በ1999 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቺፑ በየቅጽበቱ የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል ልዩነት ቁልፉን ክፍል በክፍል ለማውጣት እንደሚበቃ አሳየ። ኤኢኤስ የተባለውን የታወቀ የምስጠራ ዘዴ የ128 ቢት ቁልፍ በግምት ለማግኘት መሞከር ከማንም ኮምፒውተር አቅም በላይ ነው። የኃይል ፍጆታውን የለካ ሰው ግን 16ቱን ባይቶች ለየብቻ ይገምታል፤ ለእያንዳንዱ ባይት 256 ግምት፣ በድምሩ 4,096 ግምት ብቻ ይበቃዋል። የኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚያርፉት በዚህ ስሌት ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ተማሪ ከሰዓት በኋላ በአንድ መቀመጫ ሊጽፈው ይችላል። አስቸጋሪው ነገር መለካቱ ነው፤ የተወሰደብንም እሱ ነው።

አሁን በተሰጠን የሲሙሌሽን የቤት ሥራ ውስጥ ፕሮግራሙ የኃይል ፍጆታን የሚያመነጨው በስሌቱ መካከል ያለው ባይት ዋጋቸው 1 የሆነ ስንት ቢቶች እንዳሉት ቆጥሮ፣ በላዩ ላይ ጥቂት የዘፈቀደ ኖይዝ (ረብሻ) ጨምሮ ነው። እኛ ደግሞ ጥቃቱን የምንሠራው ያንኑ ቆጠራ ተጠቅመን ነው። ራስ የደበቁትን ዕቃ ራስ እንደ መፈለግ ያለ ነገር ነው። የክፍላችን ተማሪዎች በሙሉ ቁልፉን አግኝተናል፤ አብዛኞቻችን ከመቶ ባነሱ ልኬቶች። ይህን ውጤት ይዞ የሚወጣ ተማሪ አንድ መሣሪያ በእጁ ሲገባ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። በእውነተኛ ቦርድ ላይ ምስጠራው በየትኛው ቅጽበት እንደጀመረ የሚነግረን የለም፤ ትሪገሩን፣ ማለትም ልኬቱን የሚያስጀምረውን ምልክት፣ ራሳችን መፈለግ አለብን። የቺፑ ክሎክ (ሥራውን የሚያስኬደው የጊዜ ምት) ትንሽ ሲዋዥቅ ልኬቶቹ እርስ በርስ አይገጥሙም፤ ማሰለፍ ያስፈልጋል። ቦርዱን የሠራው ድርጅት ቮልቴጁ እንዳይዋዥቅ ያስቀመጣቸው ካፓሲተሮች የምንፈልገውን ምልክት ይውጡታል፤ ስለዚህ መንቀል፣ በኃይል መስመሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ሬዚስተር መበየድ ያስፈልጋል። ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ የልኬቱን ብዛት አራት እጥፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ሁላችንም ከስታቲስቲክስ ኮርስ እናውቃለን፤ ትርጉሙ የሚገባን ግን ኦሲሎስኮፑ (የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚለካው መሣሪያ) ሌሊቱን ሙሉ ሲሰበስብ አድሮ ጠዋት ላይ ልኬቱ ገና ግማሽ እንኳ አለመድረሱን ስናይ ነው።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ሁለት ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ለክተው ምንም አላገኙም ነበር። ፕሮግራማቸውን ደግመው ደጋግመው መረመሩ፤ ስሕተት የለበትም። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው በኦሲሎስኮፑ መለኪያ የመሬት ሽቦ ላይ ነበር፤ ሽቦው ረጅም ስለነበር እንደ አንቴና በአካባቢው ያለውን ሁሉ እየሰበሰበ ምልክቱን ያበላሽ ነበር። በአጭር ሽቦ ተክተው እንደገና ሲለኩ ቁልፉ በዚያው ዕለት ወጣ። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል፤ የሆነ ሆኖ ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷ ዛሬ በምትሠራበት ቦታ ለሥራ ፈተና ስትቀርብ የተጠየቀችው ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ እንደነበር ነግራናለች።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ግን የመከላከያ ዲዛይንን የሚመለከተው ነው፤ ኮሚቴው ሌላውን ሁሉ ቢያልፈው እንኳ ይህን አንድ ጉዳይ በጥንቃቄ እንዲያነብልን እንለምናለን። አራተኛው የቤት ሥራ ኤኢኤስን በመሸፈን ዘዴ እንድንሠራ ያዝዛል፤ ይህም እያንዳንዱን ምስጢራዊ ዋጋ በዘፈቀደ ቁጥር ከፋፍሎ ቺፑ እውነተኛውን ዋጋ በአንድ ቦታ መቼም እንዳይይዝ ማድረግ ማለት ነው። በዚህ ሴሚስተር አንድ ቡድን ይህን ዲዛይን ሠርቶ በሲሙሌሽን ፈተነው፤ ምንም ዓይነት መረጃ እንደማያፈተልክ ታየ፣ ሙሉ ነጥብም ተሰጠው። ከቡድኑ አባላት አንዱ የራሱ የኤፍፒጂኤ ቦርድ (ሰርኪዩቱ በተጠቃሚው የሚቀረጽ ቺፕ ያለበት) ስለነበረው ኦሲሎስኮፕ ከውጭ ተውሶ ያንኑ ዲዛይን ለካው። በዘርፉ የተለመደው፣ የቲ ፈተና የተባለው ስታቲስቲካዊ መለኪያ 4.5ን ሲያልፍ መረጃ እንዳፈተለከ ይቆጠራል፤ የእሱ ልኬት ገና በጥቂት ሺህ ትሬሶች (የተመዘገቡ የኃይል ልኬቶች) ገደቡን አለፈ። ምክንያቱን ሲመረምር መጀመሪያ ያገኘው የሲንተሲስ ሶፍትዌሩ (ዲዛይኑን ወደ ሰርኪዩት የሚቀይረው ፕሮግራም) ራሱ ያደረገውን ነበር፤ ሶፍትዌሩ አንድ ዋጋ በዘፈቀደ ቁጥር ተሸፍኖ ወዲያው ሲገለጥ አይቶ "ይህ ትርፍ ሥራ ነው" ብሎ መሸፈኛውን ከሰርኪዩቱ አስወግዶታል። ይህን እንዳያደርግ ትእዛዝ ሰጥቶ እንደገና ሠራው፤ ማፈትለኩ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። የቀረው ከግሊች የሚመጣ ነበር፤ ሁለት ምልክቶች ወደ አንድ ጌት (የሰርኪዩቱ ትንሽ የሎጂክ ክፍል) በእኩል ሰዓት ስለማይደርሱ ጌቱ ትክክለኛ ዋጋው ላይ ከመርጋቱ በፊት ለጥቂት ቅጽበት ይወላውላል፣ በዚያ ውልውል ውስጥ የተከፋፈሉት ዋጋዎች ተገናኝተው እውነተኛውን ያሳያሉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ተመራማሪዎች በሒሳብ የተረጋገጠ የተባለ የተሸፈነ ሃርድዌር በግሊች ምክንያት እንደሚያፈተልክ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በግሊች ውስጥም የሚጸና የመከላከያ ዘዴ በ2006 የቀረበውም ለዚያ መልስ ሆኖ ነው። የእኛ የቤት ሥራ ግን ተማሪውን ከ2005 በፊት ወደነበረው እምነት መልሶ፣ እምነቱን በሙሉ ነጥብ አጽንቶ ይልከዋል። ያ ተማሪ ቦርድ ባይኖረው ኖሮ የሚያፈተልክ ዲዛይን ሠርቶ "አያፈተልክም" የሚል ማረጋገጫ ከዚህ ትምህርት ክፍል ይዞ ይወጣ ነበር። የቡድኑ ሌሎች ሁለት አባላት፣ በግልጽ እንናገርና፣ ውጤቱን ባያሳያቸው ኖሮ ይዘው ሊወጡ ነበር።

ሲሙሌሽን አያስፈልግም አላልንም። ለመጀመሪያው ሳምንት እጅግ ይጠቅማል፤ ስሌቱን ከመለካት ችግር ለይቶ ለማየት ያስችላል። የምንቃወመው መነሻ መሆን የነበረበት ነገር መድረሻ መደረጉን ነው። ዘርፉ የታወቁትን ግኝቶቹን ያገኘው ቁሱን በመንካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነውን የሮውሃመር ጥናት የሠሩት ሰዎች 129 የኮምፒውተር ማስታወሻ ሞጁሎችን በኤፍፒጂኤ በተሠራ መፈተኛ ላይ ሰክተው አንድን ረድፍ ደጋግሞ መክፈት በአጎራባቹ ረድፍ ያሉ ቢቶችን እንደሚገለብጥ በ110ሩ ላይ አይተዋል። የማስታወሻ ሴል የተጻፈበትን ይይዛል ብሎ የሚጀምር ሲሙሌሽን ያንን ስሕተት ለዘላለሙ አያሳይም፤ ስሕተቱ ያለው መነሻ ግምቱ ውስጥ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ የምርምር ፕሮጀክቶች መታገድ ነው። የሕግ ስጋቱ የተነሳው ከአንድ ባልደረባችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንደሆነ ስለምናምን ነገሩን እንደነበረ እንዘርዝረው። ባልደረባችን ለመግቢያ በሮች የሚያገለግሉ ንክኪ አልባ ካርዶችን ደኅንነት ለማጥናት ያቀረበችው ርእስ በአማካሪዋም በትምህርት ክፍሉም ጸድቆ ነበር። የተጠቀመችው በስሟ የተሰጣትን የራሷን ካርድና ገዝታ ያመጣቻቸውን ባዶ ካርዶች ብቻ ነው፤ የማንንም በር አልከፈተችም። ካርዱ ምስጠራው ከተሰበረ ብዙ ዓመት የሆነው ዓይነት መሆኑን፣ ከዚያም የባሰው ካርዱ ከፋብሪካ የመጣበት ቁልፍ ሳይለወጥ መቅረቱን አገኘች። በዚያው ሳምንት ለአማካሪዋ በጽሑፍ አሳወቀች። የተሰጣት መልስ ሥራውን እንድታቆም፣ ካርዶቹንና የሰበሰበችውን መረጃ እንድታስረክብ፣ ርእስም እንድትቀይር የሚል ነበር። የአምስት ወር ሥራዋ ባከነ፤ ምረቃዋም በአንድ ሴሚስተር ተገፋ። ካርዶቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። በየትኛው ሕንፃ እንደሆነ እዚህ የማንጽፈው እኛም ኃላፊነታችንን ስለምናውቅ ነው፤ ግኝቱ ለሚመለከተው ክፍል ስለመድረሱ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ትምህርት ክፍሉ ከእንዲህ ያለ ግኝት ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ በፊት አልፈውበታል፣ ከእነሱም መማር ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰፊው የሚሠራበትን የማይፌር ክላሲክ ካርድ ምስጠራ ሰበሩ። አስቀድመው ለመንግሥትና ለአምራቹ አሳወቁ፤ አምራቹ ኤንኤክስፒ ግን ጽሑፉ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ከሰሰ። የአርንሄም ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ጽሑፉም በጥቅምት ቀረበ። ዩኒቨርሲቲው ከተመራማሪዎቹ ጎን ቆሞ ነበር። ተቃራኒውም ደርሷል፤ የዚያው ዩኒቨርሲቲና የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመኪና ቁልፎች ውስጥ ስላለው ሜጋሞስ ክሪፕቶ የተባለ ቺፕ የጻፉት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ታግዶ የታተመው በ2015 ነው፤ ያውም አንድ ዓረፍተ ነገር ወጥቶለት። ስለዚህ ስጋቱ መሠረት የለውም ብለን አንከራከርም፤ አለው። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው ግኝቱ መቼና እንዴት ይነገር የሚል ነበር እንጂ ምርምሩ ጨርሶ አይሠራ የሚል አልነበረም። ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተቶች እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ይፋ ሲሆኑም አምራቾቹ ነገሩን ካወቁ ከስድስት ወር በላይ ሆኗቸው ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስተካከያ እየተሠራ ምስጢሩ ተጠብቆ ቆየ። ከአግኚዎቹ መካከል የግራትስ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይገኙበታል። ለአምራች አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የጊዜ ገደብ መስጠት፣ ከዚያ ማሳተም በዘርፉ የታወቀ ልማድ ሆኗል፤ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ገደብ 90 ቀን ነው። እኛ ያጣነው ይህን ልማድ በአንድ ገጽ የሚያስቀምጥ መመሪያ ነው። መመሪያ ቢኖር ባልደረባችን ማንን መቼ ማሳወቅ እንዳለባት ታውቅ ነበር፣ ትምህርት ክፍሉም ሳይደነግጥ ይመልስላት ነበር። መመሪያው ስለጎደለ በእሷ የተጀመረው እገዳ ወደ ሁላችን ተሻገረ።

በእገዳው ምክንያት ያልተሠራውን ሥራ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በቼክ የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተለያዩ ሶፍትዌሮችና ስማርት ካርዶች የሚወጡ፣ አርኤስኤ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ ቁልፎች እየሰበሰቡ ቁልፉ ከየት እንደመጣ ከቁልፉ መልክ መለየት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2016 አሳዩ። ሥራው ሲጀመር ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ የመሰብሰብ ሥራ ይመስል ነበር። በዓመቱ ከዚያው መስመር የአንድ አምራች ቺፖች ደካማ ቁልፍ እንደሚያመነጩ ታወቀ፤ ኢስቶኒያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመታወቂያ ካርዶቿን የዲጂታል ሰርተፊኬት አገደች። በአሁኑ ማስታወቂያችን መሠረት እንዲህ ያለው ሥራ የመጀመሪያ ካርዱን ከአንባቢው ጋር ባገናኘበት ቀን ይታገድ ነበር።

በፕሮጀክት ምትክ የታዘዝነው የጽሑፍ ዳሰሳም ቢሆን በደንብ አልታሰበበትም። ርእስ የሚያከፋፍል ስላልነበረ ከ22 ተማሪዎች ዘጠኙ ስለ ስፔክተር ጽፈናል። ዘጠኙንም ያረሙት መምህር ምን ያህል እንደተሰላቹ መገመት አያዳግትም።

የመሣሪያውን እጥረት በተመለከተ፣ እጥረቱ እውነት ነው፤ አያያዙ ግን የባሰ አድርጎታል። ለኃይል ልኬት የሚበቃው ኦሲሎስኮፕ በሌላ የምርምር ቡድን ክፍል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቡድኑ በሳምንት ለስንት ቀን እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ መዝገብ የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ከቺፕ የማምረቻ ልዩነት የሚመነጭ መለያ፣ በዘርፉ ፓፍ የሚባለውን፣ እንዲሠራ ተመድቦ ሁለት ቦርድ ብቻ ተሰጠው። የዚህ ሥራ ዋና መለኪያ የተለያዩ ቺፖች ለአንድ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ምን ያህል እንደሚለያይ ነው፤ ተመራጩም በአማካይ የቢቶቹ ግማሽ እንዲለያይ ነው። በሁለት ቦርድ የሚነጻጸረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ጥንድ ደግሞ አማካይ አይወጣም። 10 ቦርድ ቢሰጣቸው 45 ጥንድ ያገኙ ነበር። የሚያሳዝነው፣ 10 ተመሳሳይ ቦርዶች በዚያው ሴሚስተር በዲጂታል ዲዛይን ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ከካርቶናቸው ሳይወጡ መቆየታቸው ነው፤ የኮርሶቹ የንብረት መዝገብ ስለሚለያይ ማዋስ አይቻልም ተባልን። ቡድኑ በሪፖርቱ "የናሙናው ቁጥር ለድምዳሜ አይበቃም" ብሎ በሐቅ ጻፈ፤ ለዚህ ሐቅ ነጥብ ተቀነሰበት።

ስለተቃጠለው ቦርድም ሁላችሁም የሰማችሁ ይመስለናል። የቮልቴጅ ጥቃትን የሚያጠና ተማሪ የቺፑን ኃይል ለጥቂት ናኖሰከንዶች ዝቅ በማድረግ ፕሮሰሰሩ አንድ ትእዛዝ እንዲዘል ለማድረግ ሲሞክር ቦርዱ ተበላሸ፤ የቦርዱንም ዋጋ ከኪሱ እንዲከፍል ተደረገ። ቺፑን ከተፈቀደለት ገደብ ማስወጣት የሙከራው ዓላማ በሆነበት ሥራ ቦርድ ማበላሸት ቸልተኝነት አይደለም። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያለቀውን አሲድ ተማሪ አይከፍልም። ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ ያለውን የስሕተት ጥቃት (ቺፑን ሆን ብሎ ማሳሳትን) ርእሱ አድርጎ የመረጠ ተማሪ የለም፤ ተመራማሪው ዳን ቦኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የተሳሳተ ፊርማ ብቻ የአርኤስኤን ቁልፍ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ያተሙበት ርእስ በእኛ ዘንድ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ ቀረ።

የውጤት አሰጣጡ ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። በአሁኑ መመዘኛ የጥቃት ሪፖርት ነጥብ የሚያገኘው ቁልፉ ከወጣ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ በመከላከያ ላይ የሠራው ጥቃት በ20,000 ትሬስም አልተሳካም፤ መሣሪያው በትክክል እንደሚለካ መከላከያውን አጥፍቶ ቁልፉን በማውጣት አረጋገጠ፣ መከላከያውን መልሶ ሲያበራ ለምን እንዳልወጣ ዘረዘረ። ከግማሽ በታች ተሰጠው። በዚያው ክፍል ሌላ ሪፖርት በማሽን ለርኒንግ ቁልፉን በአንድ ትሬስ አወጣሁ ብሎ ሙሉ ነጥብ አገኘ። በኋላ ፕሮግራሙን ያነበብን ሰዎች እንዳየነው ሞዴሉ የሠለጠነውም የተፈተነውም በአንድ ቋሚ ቁልፍ በተለካ መረጃ ላይ ስለሆነ የተማረው ትሬሱን ማንበብ ሳይሆን ያንን ቁልፍ መሸምደድ ነበር። ጸሐፊው አታልሏል አንልም፤ ስሕተቱ የተለመደ ነው፣ ማንም ስላልጠየቀው አላወቀውም። ነገር ግን ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲለጠፉ ከእኛ መካከል ለሚቀጥለው ሪፖርት ምን እንደሚያዋጣ ያልገባው አልነበረም።

የሃርድዌር ትሮጃን፣ ማለትም በሰርኪዩት ውስጥ በክፋት የተደበቀ ክፍል፣ ፍለጋ የቤት ሥራውን በአጭሩ እንለፈው፤ ለዓመታት ያው የታወቁ የሰርኪዩት ናሙናዎች ስለሚሰጡ መልሱ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይወራረሳል። አንዱ ቡድን ትሮጃን ደብቆ ሌላው እንዲፈልግ ቢደረግ ምንም ወጪ የለውም።

ስለዚህ ትምህርት ክፍሉንና ኮሚቴውን የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ቤተ ሙከራው ከሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት እንዲከፈትልን፣ ኦሲሎስኮፑም በግልጽ መዝገብ በተራ እንድንጠቀምበት እንዲደረግ እንጠይቃለን፤ በሳምንት ሁለት ሙሉ ሌሊት እንኳ ቢሰጠን ልኬቱ ያለ ሰው ስለሚካሄድ ለኮርሱ ይበቃል። እያንዳንዱ የጥቃትና የመከላከያ የቤት ሥራ መጀመሪያ በሲሙሌሽን፣ ከዚያ በቦርድ እንዲሠራ፣ በቦርድ ያልተለካ መከላከያም "አያፈተልክም" ተብሎ ሙሉ ነጥብ እንዳይሰጠው እንጠይቃለን። በሌሎች ኮርሶች መዝገብ ያሉ ቦርዶች በውሰት እንዲሰጡ፣ በስሕተት ጥቃት ሙከራ የሚበላሹ ቦርዶች እንደ አላቂ ዕቃ እንዲቆጠሩና ባልደረባችን የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት እንጠይቃለን።

በእውነተኛ መሣሪያ ላይ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች በምን ሁኔታ እንደሚፈቀዱ፣ የማን ንብረት የሆነ መሣሪያ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንደማይነካ፣ ግኝት ሲኖር ለማን፣ በስንት ቀን፣ በማን ፊርማ እንደሚነገርና መቼ ሊታተም እንደሚችል የሚወስን መመሪያ በጽሑፍ እንዲወጣ፣ በዝግጅቱም ላይ የሕግ ክፍሉና አንድ የተማሪ ተወካይ እንዲገኙበት እንጠይቃለን። ረቂቁን ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን፤ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን አሠራር መሰብሰብም ጀምረናል። መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ጠቅላላው እገዳ ተነስቶ እያንዳንዱ የፕሮጀክት ሐሳብ ለየብቻው ታይቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ይሁን።

ርእሷ የተቋረጠባት ባልደረባችን የሠራችውን ሥራ ግኝቱ ለሚመለከተው ክፍል ከደረሰ በኋላ ዝርዝሩን ሸፍና እንድታቀርብ እንዲፈቀድላት፣ የተገፋው ሴሚስተርም በእሷ ጥፋት እንዳልሆነ በማኅደሯ እንዲጻፍላት እንጠይቃለን። ግኝቱን ለበሮቹ ኃላፊዎች ማሳወቅ ግን የእኛን ጥያቄ መልስ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ በዚህ ሳምንት እንዲደረግ እናሳስባለን።

በመጨረሻም ያልተሳካ ጥቃት በአግባቡ ተለክቶ ከቀረበ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ እንዲችል፣ እያንዳንዱ ሪፖርት ከነፕሮግራሙና ከነጥሬ መረጃው እንዲረከብ፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሁለት የተቀነሰባቸው ሪፖርቶችም በሌላ መምህር ደግመው እንዲታረሙ እንጠይቃለን።

ለዚህ ደብዳቤ መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ የምትፈቅዱልን ከሆነም በቦርድ ላይ የተወሰደውን የአራተኛውን የቤት ሥራ ልኬት በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይዘን ቀርበን ለማሳየት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የሃርድዌር ደኅንነት ኮርስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ተወካይ
በኮርሱ ተማሪዎች ስም

ግልባጭ፦
ለድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት
ለኮርሱ መምህር
ለተማሪዎች ኅብረት